ታሪክ የሠራ ኳስ እጃችን ቢገባ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጥምቀት አልፎ፣ ቃና ዘገሊላም አልፎ፣ የጃን ሜዳ ታቦታት ወደየመንበራቸው በገቡ ማግስት የአዲስ አበባ ሰው ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ጎረፈ። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ ኢትዮጵያ ከተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ከግብፅ ጋር። ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ ግብፆችን አስቀደመ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ገና ተቃቅፎ ሳይላቀቅ ባዳዊ ደገመ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለቡ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ያ ዋንጫ ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። የጠፋ ግን አይደለም። በመጀመሪያው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፣ በግብፃዊው አብዱል አዚዝ አብደላ ሳሌም ስም የተሰየመ የብር ዋንጫ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ላሸነፈ አገር ለዘለቄታው እንዲሰጥ ደንብ ነበረውና ጋና በ1963፣ በ1965 እና በ1978 እ.ኤ.አ. አሸንፋ የራሷ አደረገችው። በሕግ ሄዷል፤ ቅሬታ የለኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዋንጫው በታች ያለው ነው። ታላቅ ጨዋታ ሲያልቅ በተጫዋቹ፣ በዳኛው፣ በኳስ አቀባዩና በተመልካቹ እጅ የሚቀር ነገር አለ፦ ኳሱ፣ ማሊያው፣ የመግቢያ ትኬቱ፣ ከሜዳ ዳር የተነሳው ፎቶግራፍ። እነዚህ የማን ናቸው? ያገኛቸው ሰውስ ምን ቢያደርጋቸው ይበጃል? በየጊዜው ስለ ጎሉ እንጂ ስለ ኳሱ አንነጋገርም። ስለ ኳሱም መነጋገር ያለብን ይመስለኛል፤ በተለይ በአዲስ አበባው አራዳ፣ በተለይ አሁን።

አሜሪካውያን በቤዝቦል ምክንያት በዚህ ጉዳይ መቶ ዓመት ተከራክረዋል። በእነሱ ጨዋታ በዱላ የተመታ ኳስ ተመልካቹ መሃል ሲወድቅ፣ የያዘው ሰው ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ክለቦቹ ኳሱን ያስመልሱ ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ፖሎ ግራውንድስ ሜዳ አንድ ተመልካች የያዘውን ኳስ ለአስተናባሪ አልሰጥም ብሎ ወደ ሕዝቡ ወረወረው። ከሜዳ አስወጡት። እሱም ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ክለቡ 100 ዶላር ካሳ እንዲከፍለው ወሰነ። ያ ነገር ውሎ አድሮ ልማድ ሆነ፤ የተመልካቹ መብት ጸና።

መብቱ ሲጸና ደግሞ ገንዘቡ መጣ። በ2001 እ.ኤ.አ. ቤዝቦል ተጫዋቹ ባሪ ቦንድስ በአንድ የውድድር ዘመን 73ኛውን ሆም ራን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት፣ የመታበትን ኳስ አንድ ሰው በጓንቱ ተቀበለው፤ ሕዝቡ ተረባርቦ ሲጥለው ኳሱ አምልጦ ሌላ ሰው እጅ ገባ። ሁለቱ ፍርድ ቤት ቆሙ። የሳን ፍራንሲስኮው ዳኛ ሁለቱም እኩል መብት አላቸው፣ ይሸጥና ይካፈሉ አለ። ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረው ኳስ 450,000 ዶላር አወጣ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ዴሪክ ጂተር 3,000ኛውን ምት የመታበትን ኳስ የያዘ አንድ ወጣት ግን ዋጋ ሳይጠይቅ ለተጫዋቹ መለሰለት። እኔ በግሌ የዚህን ወጣት ሥራ እወዳለሁ። ሁሉም ሰው እንደሱ ያድርግ ግን አልልም፤ የደኸየ ሰው እጅ የገባን ዕቃ በነፃ ስጥ ብሎ መፍረድ ለማንም ቀላል ነው።

በእግር ኳስ ነገሩ ይለያል፤ ወደ ተመልካች የሄደ ኳስ ይመለሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ታሪካዊው ኳስ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከተጫዋች ወይም ከዳኛ ጋር ነው። በ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዛዊው ጄፍ ኸርስት ሦስት ጎል ቢያገባም ኳሱን ይዞ የሄደው ጀርመናዊው ሄልሙት ሃለር ነበር፤ ወደ እንግሊዝ የተመለሰው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ለእኛ የሚቀርበው የቱኒዚያዊው ዳኛ የዓሊ ቢን ናስር ታሪክ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ አርጀንቲናና እንግሊዝ ሲጫወቱ፣ ማራዶና በእጁ ያገባውን ጎል ያጸደቁት እሳቸው ነበሩ። ኳሱን ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ፣ 36 ዓመት አስቀመጡት፣ በ2022 በጨረታ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። አንድ አፍሪካዊ ዳኛ የዓለምን ታላቅ ጨዋታ ኳስ በቤቱ ጠብቆ ማኖሩን ሳስብ ደስ ይለኛል። ኳሱ ዋጋ ያገኘው ግን ስለተጠበቀ ብቻ አይደለም፤ የዚያ ጨዋታ ኳስ መሆኑን ዳኛው ራሳቸው ቆመው ስለመሰከሩ ነው።

ወደ አራዳ እንምጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. በዚሁ ሰፈር ነው፤ መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች፣ ስሙም የሰፈሩ ደብር ስም። ወራሪው ጣሊያን ከተማውን ከያዘ በኋላ ክለቡ በስሙ እንዳይጠራ ተደርጎ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ነፃነት ሲመለስ ስሙም ተመለሰ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተሰለፉት አምስት ቡድኖች የዚያን ዘመን ከተማ ይናገራሉ፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ እና ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። አርመኑ ወርቅ ሠሪ፣ ግሪኩ ባለ ሱቅ፣ ጣሊያኑ መካኒክ፣ ሁሉም በአራዳዋ ፒያሳና በዙሪያዋ ይገናኙ ነበር። የእነዚያ ጨዋታዎች ፎቶግራፎች በአቴንስና በሎስ አንጀለስ፣ በየልጅ ልጆቻቸው አልበም ውስጥ ቢገኙ አይደንቀኝም።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከዚህ ክለብ ነው የወጡት። 23 ዓመት ለጊዮርጊስ ተጫውተዋል፤ የ1954ቱን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1987፣ የአፍሪካን እግር ኳስ መርተዋል። መንግሥቱ ወርቁም የዚሁ ክለብ ሰው ነበር። በ1954ቱ ውድድር ሦስት ጎል አግብቶ ከግብፃዊው ባዳዊ ጋር ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል።

በአራዳ መንደሮች ግን ኳስ ብርቅ ነበር። ልጆቹ አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው፣ በሲባጎ ጠፍረው ነው የተጫወቱት። በዶሮ ማነቂያና በሠራተኛ ሰፈር ጠባብ መንገዶች የጨርቅ ኳስ የጎረቤት አጥር ሲዘል ማን ይግባ፣ ማን እትዬን ይለምን የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። አንዳንዱ ጎረቤት ይመልሳል፣ አንዳንዱ በቢላ ይቀዳል። ከዚያ የተረፈ ኳስ ተቀምጦ እንዲቆይ ማን ያስባል? እስኪበጣጠስ ይለጋል እንጂ። የቆዳ ኳስ ሲገኝም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ከእኛ የኳስ ታሪክ ዕቃው አልቆ ወሬው የቀረው። ወሬው ደግሞ በሰዉ ዕድሜ የተወሰነ ነው፤ መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም.፣ ሉቻኖ በ2015 መጀመሪያ ላይ፣ በስደት በኖረባት ጣሊያን፣ አርፈዋል።

እንግዲህ አንድ ሰው እጅ እንዲህ ያለ ነገር ቢገባ ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት፣ ዛሬውኑ ይጻፍ። የማን ጨዋታ፣ የት፣ በስንት ቀን፣ ውጤቱ ስንት፣ ዕቃው በማን እጅ አልፎ እንዴት ደረሰው፣ ያየ ሰው ማን ነው። ይህ ወረቀት የሌለው ኳስ ተራ ኳስ ነው። ጽሑፉ ግን በኳሱ ላይ አይደረግ፤ ለብቻው ወረቀት ላይ ይሁንና አብሮ ይቀመጥ። ፎቶግራፍ ከሆነ በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ቀለሙን ወደ ፊት ያሳልፋል፤ በእርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ከዳር በኩል ነው የሚጻፈው። በፕላስተር መለጠፍ ወይም አልበሙ ላይ በሙጫ ማጣበቅ ፎቶግራፉን ይገድላል።

ጭቃው ያለበትን ማሊያ ማጠብ የእናቶቻችን ደግነት ነው፤ እባካችሁ ይቅርብን። ጭቃው የጨዋታው ምስክር ነው። ፊርማ ያለበት ነገር ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ ከተሰቀለ በጥቂት ዓመት ባዶ ጨርቅ ይሆናል። የቆዳ ኳስ በክረምቱ እርጥበት ይሻግታል፣ በበጋው ይሰነጠቃል፤ ቅርጹን እንዲይዝ ያህል ብቻ ትንሽ አየር ይኑረው፣ እንደ አዲስ አይነፋ፣ የጫማ ቀለምም አይቀባ። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ ብሎ በካርቶን ሣጥን ይቀመጥ።

ከዚያ ስለ ባለቤትነቱ ማሰብ ይመጣል። ጎሉን ያገባው ሰው በሕይወት ካለ፣ መጀመሪያ እሱን ማማከር ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ብዙ ተጫዋቾች ዕቃውን መልሰው ላይፈልጉት ይችላሉ፤ አንድ ጊዜ ይዘውት ፎቶግራፍ መነሳታቸውና መመስከራቸው ግን ለዕቃውም ለእነሱም ክብር ነው። መሸጥ የሚፈልግም ለመጀመሪያው ጠያቂ አይሽጥ። ለሙዚየም ወይም ለክለብ የሚሰጥ ሰው በቃል አይስጥ፤ ስጦታ ይሁን ውሰት፣ ለስንት ጊዜ፣ ማን ይመልሳል የሚለው በጽሑፍ ይሁን፣ ደረሰኝም ይቀበል። ብዙ ቤተሰብ የአባቱን ሜዳሊያ «ለኤግዚቢሽን» ብሎ ሰጥቶ ሁለተኛ ያላየው ይህ ወረቀት ስለሌለው ነው።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው ፒያሳ ነው። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በመልሶ ማልማቱ የአራዳ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። ቤት ሲለቀቅ ቁም ሣጥን ይገለበጣል፤ ሃምሳ ዓመት አልጋ ሥር የኖረ ሻንጣ በአንድ ቀን ይከፈታል። ምን ይወሰድ፣ ምን ይጣል የሚለውን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ጨዋታውን ያላየ ልጅ ነው። የተጎረደ የብር ጽዋ፣ የዛገ ሜዳሊያ፣ ቀለሙ የሄደ ባንዲራ ቁራሌው ሲያልፍ በኪሎ ይሄዳል። ቁራሌውን አልወቅስም፤ ሥራው ነው።

መድረሻ ቦታ የለም እንዳይባል፣ አለ። አዲስ አበባ ሙዚየም መስቀል አደባባይ አጠገብ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ለፎቶግራፍና ለወረቀት ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አለ። ፒያሳ እምብርት ላይ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም አለ፤ ስለ ጦርነት ቢሆንም፣ በዚያ ግቢ የሰፈሩ ኳስ ታሪክ አንድ ክፍል ማግኘት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በጣሊያን ጊዜ ስሙን ተነጥቆ የተጫወተ ቡድን የዚያው የነፃነት ታሪክ ክፍል ነው። ክለቡ ራሱም፣ ከዋንጫ መደርደሪያ ባለፈ፣ የደጋፊን ዕቃ የሚቀበልና የሚመዘግብ አንድ ሰው ቢመድብ ትልቅ ወጪ አይጠይቀውም።

ደግሞ ሁሉም የጥንት አይደለም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ሱዳንን 2 ለ 0 ያሸነፉበትን፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችበትን ቀን በዚያው ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ ሆነው ያዩ ሰዎች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። በሦስተኛው ወር አዳነ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዛምቢያ ላይ ጎል አገባ፤ ከ1976 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ ውድድር የመጀመሪያችን ነበር። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ 51ኛ ዓመቱ። የዚያ የጥቅምት እሑድ ትኬት ቁራጭ በአሮጌ ቦርሳ ውስጥ ያለው አንባቢ ካለ፣ ዛሬ ያውጣው። ከየትኛው ተራ እንዳየ፣ ከማን ጋር እንደሄደ፣ ትኬቱን በስንት እንደገዛ በአንድ ገጽ ይጻፍና አብሮ ያስቀምጠው። አባቱ ወይም አያቱ የ1954ቱን ያዩ ከሆነ ደግሞ ትኬቱ ይቆየው፤ መጀመሪያ ስልኩን ከፍቶ ድምፃቸውን ይቅዳ።