ራስ-ሰር አጀብ

ብቻውን የሚለማመድ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ጣቱን ለማፍታታት ማንንም አይፈልግም። ሶሎ እየፈጠረ ለመጫወት ግን ከሥሩ ኮርዱን የሚያስኬድለት ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም ይሻል። አሜሪካዊው መምህር ጄሚ ኤበርሶልድ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጃቢዎቹ ብቻ የሚሰሙበትን ሸክላ ያሳተመው ለዚህ ነው። ሸክላ ግን ሁልጊዜ ያው ነው፤ ደጋግሞ የሰማው ተማሪ ድራመሩ የት ላይ እንደሚመታ በቃሉ ይይዘዋል።

በ1990 ካናዳዊው ፒተር ጋኖን «ባንድ-ኢን-ኤ-ቦክስ» የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይዞ መጣ። ተጫዋቹ የኮርዶቹን ስም በተራ ይጽፋል፤ ፍጥነቱን ይወስናል፤ ስዊንግ ይሁን ቦሳ ኖቫ ስልቱን ይመርጣል። ፕሮግራሙ ለየስልቱ የተከማቹ አጫጭር የቤዝ፣ የፒያኖና የድራም ሐረጎች አሉት። ከእነሱ ዕጣ እንደሚያወጣ ሰው አንዱን ያነሣል፣ ወደተጻፈው ኮርድ ያዛውረዋል፣ ከሚቀጥለው ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ቢያሠሩት ሁለቱ አንድ ዓይነት አይወጡም።

እንግሊዝኛው ይህን «አውቶማቲክ አካምፓኒመንት» ይለዋል። እኔ «ራስ-ሰር አጀብ» እንድንለው እወዳለሁ። «ራስ-ሰር» ለአውቶማቲክ ተለምዷል። «አጀብ» ለመደነቅም የምንለው ቃል ነው፤ ቢሆንም ዘፋኙ በባንድ ታጅቦ ተጫወተ ስንል ስለኖርን ከሙዚቃ ጋር ሲነሣ የሚያምታታ አይሆንም።

የሚያሳስበኝ ፕሮግራሙን «አጃቢ» ማለት ነው። ሙሽራ የሚያጅብ ሰው ሙሽራው ሲቆም ይቆማል፣ ሲራመድ ይራመዳል። አዝማሪው ስንኙን ሲያስረዝም ማሲንቆው ይጠብቀዋል። በኮርድ ጽሑፍ የሚመራ ፕሮግራም ግን ሶሎውን አይሰማም፤ ሳክስፎኑ ቢያርፍም ቢደናቀፍም የተጻፈለትን ይቀጥላል። ጆሮ የሌለውን አጃቢ ማለት ቃሉን ማጉደል ነው። እንዲህ ያለውን «አጀብ አቀናባሪ» ብንለው ሥራውን በትክክል ይናገራል፤ አቀናባሪም ሥራውን የሚጨርሰው ተጫዋቹ ከመነሣቱ በፊት ነውና።

«አጃቢ»ን ለሚያዳምጠው እናቆየው። በ1987 ተመራማሪዎቹ ሮጀር ዳነንበርግና በርናርድ ሞንት-ሬኖ በ12 ባር ብሉዝ ላይ በነፃ የሚፈጥር ተጫዋች የት እንደደረሰ ከሚጫወተው ኖታ የሚገምት ፕሮግራም አቅርበዋል። ዜማው አስቀድሞ አልተጻፈም፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የብሉዙን የኮርድ ዑደት ብቻ ነው። ቦታውን ካገኘ በኋላ ተጫዋቹን ተከትሎ ያጅበዋል። የሙሽራ አጃቢ ማለት ይህ ነው።

ትሮምቦን ተጫዋቹ ጆርጅ ሉዊስ በ1980ዎቹ መጨረሻ የሠራው «ቮያጀር» ደግሞ ከዚህም ያልፋል። ያዳምጣል፣ ይመልሳል፣ ሰው ዝም ሲልም በራሱ ይጫወታል። ሉዊስ ፕሮግራሙን የሚያየው እንደ እኩያው ሙዚቀኛ ነው። ለእሱስ «አጃቢ»ም ያንሰዋል፤ «አብሮ ተጫዋች» ይባል።