የብሩ ዛፍ ታሪክ

በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፥ ኬፕ ታውንን ቁልቁል በሚመለከተው በጠረጴዛ ተራራ ዳገት ላይ፥ የብር ዛፍ የሚባል ተክል ይበቅላል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ እንደ ሐር የለሰለሰ ጠጉር ስለ ለበሰም ነፋስ ሲያወዛውዘው እንደ ተወለወለ ብር ያብለጨልጫል። ጠጉሩ ግን ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በደረቅ ነፋስ ጊዜ በቅጠሉ ላይ ተኝቶ ውሃው እንዳይተን ይጠብቀዋል።

በ1652 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈነዋል) ያን ቫን ሪቤክ የሆላንድ ሰዎችን ይዞ በኬፕ ሰፈረ። ሰፋሪዎቹም ዛፉን ለማገዶ ቆረጡት። በኋላም ወይን፥ ጥድና መኖሪያ ቤት ቦታውን ወሰዱበት። በአንጻሩ የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 የሳይንስ ስም አወጣለት፤ የአውሮፓ አትክልተኞችም ውርጭ ስለማይችል በመስተዋት ቤት ያሳድጉት ጀመር። እንግዲህ በባዕድ አገር ሲከበር በአገሩ ይነድድ ነበር ማለት ነው።

በ1913 ግን በዚያው ተራራ ሥር የኪርስተንቦሽ የአትክልት ስፍራ በፕሮፌሰር ሃሮልድ ፒርሰን መሪነት ተቋቋመ። ዓላማውም የአገሩን ዕፀዋት መጠበቅ ነው። ሆኖም የብር ዛፍ ዛሬም ለመጥፋት ከሚያሰጉት ዕፀዋት አንዱ ነው።

ይህን ዛፍ ለመትከል የሚወድ ሰው ውሃ የማይቋጥር፥ አሸዋማና ኮምጣጣ አፈር ይምረጥ፤ ፀሐይና ነፋስ አይከልክለው፤ ሥሩንም በመቆፈር አይነካካው። ከሁሉ ይልቅ ፎስፎር ያለበትን ማዳበሪያ ይራቅ። የዛፉ ሥር በድኃ አፈር ውስጥ ጥቂቱን ፎስፎር ለቅሞ መኖርን የለመደ ስለ ሆነ፥ ሲበዛለት ይመረዛል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በሊማሊሞ ያየውንና «ጋጉዌዲ» ብሎ የጻፈውን ተክል ገልጿል። ይህም ከብር ዛፍ ጋር አንድ ወገን ነው፤ የሳይንስ ስሙም እስከ ዛሬ ከዚሁ አጠራር የተወሰደ ነው።

እኛ ተማሪዎች ችግኝ ስንተክል ፍቅራችንን በፋንድያ ብዛት እንለካ ነበር፤ ብዙውም ደርቆብናል። ከብር ዛፍ ታሪክ የተማርነው ይህ ነው፦ ተክልን የሚያጠፋው መጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ ጠባዩን ሳያውቁ መንከባከብም ያጠፋዋል። ስለዚህ አስቀድመን እንወቀው፤ ከዚያ እንትከለው።