ከማዕድን ጉድጓድ የወጡ ቃላት

ቋንቋ ከቋንቋ ሲዋስ ቃል አቀባዩ ሁልጊዜ የተማረ ሰው ይመስለናል። እንግሊዝኛ ከጀርመንኛ የወሰዳቸውን ቃላት ስናይም ቶሎ የሚታወሱን እንደ «ኪንደርጋርተን» ያሉት ናቸው፤ እሱን መምህሩ ፍሮበል በ1840 አወጣው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዳሩ ግን ኳርትዝ፣ ኮባልት፣ ኒኬል የተወለዱት በቆፋሪዎች አፍ ነው።

በሳክሶኒ ተራሮች ብር የሚቆፍሩ ሰዎች አንዳንዴ የሚያታልል ድንጋይ ያጋጥማቸው ነበር። ሲያቀልጡት ብር የለ፣ ምን የለ፤ የሚወጣው በአርሴኒክ የተመረዘ ጢስ ብቻ! ታዲያ ይህ ከጋኔን በቀር የማን ሥራ ይሆናል? የጉድጓዱን ጋኔን «ኮቦልድ» ይሉት ነበርና ድንጋዩም በስሙ ኮባልት ተባለ። መዳብ መስሎ መዳብ የማይወጣውን ደግሞ «ኩፕፈርኒክል» አሉት፤ የመዳብ ሰይጣን እንደ ማለት ነው። የስዊድኑ ኬሚስት ክሮንስቴት በ1751 ከዚህ ዓይነት ድንጋይ አዲስ ብረት ለይቶ ካወጣ በኋላ ከስድቡ ግማሹን ስም አድርጎ አስቀረለት። ዛሬ አሜሪካዊው አምስት ሳንቲሙን «ኒክል» ብሎ ሲጠራ ሰይጣኑ ትዝም አይለው።

ከሁሉ የሚያስገርመን ግን ዶላር ነው። በቦሄሚያ፣ ዮአኪምስታል በሚባል ስፍራ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ብር ተገኘና የአካባቢው መኳንንት ከባድ የብር ገንዘብ አሠሩበት። «ታል» በጀርመንኛ ሸለቆ ነው። ገንዘቡም «ዮአኪምስታለር»፣ ባጭሩ «ታለር» ተባለ፤ በሰሜን ጀርመንና በሆላንድ አፍ «ዳለር» ሆኖ ሲያልፍ በእንግሊዞች ዘንድ ዶላር ሆነ። አሜሪካ በ1792 ባወጣችው የገንዘብ ሕግ ስሙን አጸደቀችው።

የዚሁ ዘር የሆነው፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ታለር እኛም አገር ገብቶ ገበያውን ሞልቶት ነበር። አያቶቻችን ግን የሸለቆውን ስም ትተው በማዕድኑ ጠሩት፤ ጠገራ ብር አሉት። እንዲያው ነገሩ ይገርማል እንጂ፣ እስከ 1976 ድረስ በገንዘብ ኖታችን ላይ በአማርኛ «ብር» ተጽፎ በእንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ነበር። በፊት በር ያልገባው ታለር በጓሮ ገባ ማለት ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካውያን የጀርመን ስም ቢያስጠላቸው «ሳወርክራውት» የተባለውን የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን «የነጻነት ጎመን» አሉት። ስሙ ከጦርነቱ በኋላ አልዘለቀም። ሒሳቡን ግን ያን ጊዜም የከፈሉት በዶላር ነበር።