የቁይ ድልህና የቹንቾን ዶሮ

ከፋሲካ ማግሥት ቁይ፣ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ስልኳን ከፍታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንድ የኮሪያ ወጣት ፊቱ ቀልቶ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ቀይ ኑድል ይበላል። «ጋሼ፣ በዓለም ላይ እንደ ኮሪያ ምግብ የሚያቃጥል የለም አሉ» አለችኝ። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰማች። «እስቲ ያን ልጅ አምጡትና የእኔን ድልህ ላቅምሰው» አለች።

ሳቅን። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በሁለት የዓለም ጫፍ ያሉ ሁለት ሕዝቦች ማዕዳቸው እንዴት እኩል ቀላ? ታሪኩን ስከተል የመጣሁበት ቦታ ያልጠበቅኩት ነበር፤ ዛሬ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ አንድ የማይዋጥልን እውነት አለ። ቀዩ በርበሬ የእኛ ተወላጅ አይደለም። የኮሪያም አይደለም። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን እስኪሻገር ድረስ አፍሪካም እስያም አውሮፓም አያውቁትም ነበር። ከዚያ በኋላ በተለይ የፖርቱጋል መርከቦች ከወደብ ወደብ እያደረሱት ዓለምን አዳረሰ።

ከዚያ በፊት የአባቶቻችንን ምላስ የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብልና ሰናፍጭ ነበር። ቁንዶ በርበሬ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ለንጉሡ ካቀረቡት ስጦታ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ እንደነበረበት አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፏል። ለንጉሥ የሚበረከት ነገር ነበር ማለት ነው። ቀዩ በርበሬ ግን አፈርና ውኃ ካገኘ በድሃም ጓሮ ይበቅላል። ለእኔ የበርበሬ ትልቁ ታሪክ ይህ ነው፤ የሚያቃጥል ወጥ ከጌታ አዳራሽ ወደ ገበሬ ጎጆ ገባ። ዛሬ የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ ገበሬ በርበሬ ሸጦ ልጁን ያስተምራል።

ኮሪያም እንዲሁ ናት። ዪ ሱግዋንግ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1614 በጻፈው መጽሐፍ ስለ በርበሬ ሲያነሳ ከጃፓን የመጣ መሆኑን ይናገራል፤ ሕዝቡም «የጃፓን ሰናፍጭ» ይለው እንደነበር ይጠቅሳል። ብርቱ መርዝ አለው ሲልም ያስጠነቅቃል! ዛሬ የኮሪያ መለያ የሆነው ኪምቺ ያኔ በጨው የሚዘፈዘፍ ነጭ አትክልት ነበር። በርበሬ የገባበት ኪምቺ በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መርዝ ተብሎ የተፈራው እንግዳ በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ባለቤት ሆነ።

ሁለቱ ሕዝቦች ከእንግዳው ጋር ያደረጉትም ተመሳሳይ ነው። የእኛ እናቶች በርበሬውን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመም ጋር አብላልተው ድልህ አደረጉት። የእነሱ እናቶች ከተብላላ አኩሪ አተርና ከሩዝ ጋር በእንስራ አስቀምጠው ጎቹጃንግ አደረጉት። እኛ ለጾም የባቄላ ዱቄትና ሱፍ በሰናፍጭ አብላልተን ሲልጆ እንሠራለን፤ እነሱ አኩሪ አተር አብላልተው ዶንጃንግ ይሠራሉ። ማንም ከማንም አልተማረም። ጾምና ክረምት ያለበት አገር ምግብ ማቆየትን ራሱ ይማራል።

ሁለቱ ሕዝቦች ፊት ለፊት የተገናኙት በጦርነት ነው። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ ከአዲስ አበባ በጅቡቲ በኩል ወደ ኮሪያ ተነሣ። ስሙ የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው። በተለያዩ ዙሮች የሄዱት በጠቅላላው 6,037 ናቸው ይባላል። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። በዶንግዱቾን ከተማ ደግሞ ወታደሮቹ ከራሳቸው ቀንሰው የጦርነቱን ወላጅ አልባ ልጆች አሳድገዋል።

አሁን ዓለም የሚሻማባቸው የኮሪያ የሚያቃጥሉ ምግቦች ብዙዎቹ የዚያ ረሀብ ልጆች ናቸው። ቡዴ ጂጌን ውሰዱ። ስሙ ቡዳን ቢያስታውስም ትርጉሙ «የጦር ክፍል ወጥ» ነው። ከዶንግዱቾን በስተደቡብ ባለችው በዊጆንግቡ ከአሜሪካ ጦር ሰፈር የወጣ የቆርቆሮ ሥጋና ቋሊማ ከኪምቺና ከጎቹጃንግ ጋር ተቀቅሎ የተሠራ ነው። ተክቦኪ ከሩዝ ሊጥ የሚሠራ ነው፤ ቀዩን ዓይነት የፈጠረችው ማ ቦክሪም የምትባል ሴት በ1953፣ ተኩስ በቆመበት ዓመት፣ ሴኡል መንገድ ዳር መሸጥ እንደጀመረች ይነገራል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ዳክጋልቢ ነው። ዶሮ በጎቹጃንግ ተለውሶ፣ ከጥቅል ጎመንና ከስኳር ድንች ጋር በሰፊ የብረት ምጣድ ላይ፣ በላተኞች ዙሪያውን ተቀምጠው ይጠበሳል። ተማሪና ወታደር በትንሽ ገንዘብ የሚጠግብበት ምግብ ነበር። የተወለደበት ከተማ ቹንቾን ነው። ቹንቾን ደግሞ ቃኘው ከተዋጋባቸው ተራሮች ብዙ አትርቅም። ግንቦት 1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው የተገኙበት የዘማቾቻችን ሐውልት የቆመው እዚያ ነው። አጠገቡ በዚያው ዘመን የተከፈተው «የኢትዮጵያ ቤት» ዛሬም ቡናችንን ይቀዳል። የዶሮ ወጥ አገር ልጆች ስም የተቀረጸበት ከተማ በቀይ ዶሮ የሚታወቅ መሆኑ አይገርማችሁም?

መቅመስ ለምትፈልጉ፣ አዲስ አበባ የኮሪያ ምግብ ቤቶች አሉ። ለእኛ ምላስ የሚቀርበው ዳክጋልቢ ነው፤ ከእሱ ጀምሩ። ቡዴ ጂጌ የአሳማ ሥጋ ስላለበት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኪምቺም የጾም ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የትናንሽ የባሕር ፍጥረታት ጨዋማ መረቅ ይገባበታል። የእህቴ ልጅ ያየችው ኑድል ቡልዳክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ዴንማርክ «ለጤና ያሰጋል» ብላ ሦስት ዓይነቱን ከገበያ ያስነሳችው ነው። ጎጃሜ ባይፈራውም ለሕፃን አትስጡት።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ኮሪያ እንግዳውን በርበሬ ተቀብላ ዝም አላለችም። ኪምቺ ምን ሲሆን ኪምቺ እንደሚባል እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አስጻፈች። ጎረቤት ተሰብስቦ የክረምት ኪምቺ የሚያዘጋጅበትን ልማድ በ2013 በዩኔስኮ አስመዘገበች። የእኛ መስቀል በዓልም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው፤ ስለዚህ መንገዱን አናውቀውም አይባልም። ድልህ፣ ሲልጆ፣ አዋዜ ግን ዛሬም በአመዛኙ ያሉት በእናቶች እጅ ነው። የተፈጨ ሸክላ ቀላቅሎ «በርበሬ» ብሎ የሚሸጠውንም «ይህ በርበሬ አይደለም» የምንለው ብዙ ጊዜ በምላሳችን ነው። የቃኘውን ታሪክም እንዲሁ አደረግነው። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ዘማቾቹ ሜዳሊያቸውን ደብቀው ኖሩ፤ ብዙዎቹ የሚያውቁትን ሳይጽፉ፣ ሳንጠይቃቸውም አለፉ። ሐውልታቸውን ቀድማ ያቆመችው ቹንቾን ናት።

እንግዳን ነገር የራስ የሚያደርገው ቀድሞ መወለዱ አይደለም፤ መያዙ ነው። እኛ በርበሬን በእጃችን ይዘነዋል፤ በጽሑፍ ግን ገና በደንብ አልያዝነውም። በየቤታችሁ እናት፣ አያት፣ አክስት ካሏችሁ ዘንድሮ በርበሬ ሲዘጋጅ ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።

እኔ ከቁይ ሳልመለስ ሞክሬዋለሁ። የእህቴ ልጅ ጻፈች፣ እናቴ ተናገረች።

«እማዬ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ስንት ነው?»

«እስኪበቃው ነዋ!»

ልጅቷ ብዕሯን ይዛ አየችኝ። ሚዛን ከጎረቤት ሱቅ ተውሰን እናቴ በእጇ የዘገነችውን ሁሉ መዘንን። አንድ ገጽ ሞላን። ገና ሲልጆው ይቀራል።

ቸር ያሰማን።