«እንኳን አደረሳችሁ» ማለት ይከለከላል?

ገና በመጣ ቁጥር አርሲ ነገሌ ላይም ያው ጥያቄ ይነሳል፤ ሙስሊም ክርስቲያን ጎረቤቱን «እንኳን አደረሳችሁ» ቢል ሃይማኖቱን ይነካበታል ወይ?

ይነካል የሚሉት የ14ኛው ክፍለ ዘመን የደማስቆ ሊቅ ኢብኑል ቀይምን ይጠቅሳሉ፤ በሌላ እምነት በዓል ደስታን መግለጽ በዑለሞች ስምምነት ክልክል ነው ብሎ ጽፏል። በእኛ ዘመን ሼኽ ዩሱፍ አል-ቀርዳዊ በዓሉን ማክበር ሌላ፣ ለጎረቤት መልካም መመኘት ሌላ ነው ብለው ፈቅደዋል።

የአገራችን ሙስሊም ግን መስመሩን ያሰመረው ሥጋው ላይ ነው። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ የመጽሐፉ ሰዎችን ምግብ ይፈቅዳል። አባቶቻችን ግን ክርስቲያን ያረደውን አልበሉም፤ ኦርቶዶክሱም የሙስሊም ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ደጋሹ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ለይቶ፣ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል። በቢላዋው ከመጽሐፉም በላይ ጠበቁ፣ በሰላምታው ግን ላሉ።

ቃሉንም እንየው። የ«አደረሳችሁ» ባለቤት ፈጣሪ ነው። ለቀኑ ያበቃችሁ እሱ ነው ማለት እንጂ ስለ ኢየሱስ ማንነት አንዳች ምስክርነት የለበትም።

በዓል በአገራችን የመብት ጥያቄም ነበር። በንጉሡ ዘመን በሃይማኖት በዓል መሥሪያ ቤት የሚዘጋው ለክርስቲያኑ ብቻ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ከ100 ሺህ በላይ ሰው አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፍ አንዱ ጥያቄ ይኸው ነበር። ዒድ አልፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ ወዲህ በደርግ ጊዜ ነው። በሰልፉ ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ የወጡት ግን ሰልመው አልነበረም።