የዶሜይን ስም ሰርቨሮችና የንዑስ ስም ውክልና

የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበይነ መረብ አድራሻ «ጎቭ ዶት ኢቲ» በሚል ይጠናቀቃል። እ.ኤ.አ. በ1983 በፖል ሞካፔትሪስ የተነደፈው የዶሜይን ስም ሥርዓት ስሞችን ሁሉ በአንድ መዝገብ አያከማችም፤ የበላዩ ሰርቨር የበታቹን ስም የያዙትን ሰርቨሮች ይጠቁማል። ውክልና የሚባለውም ይኸው ነው።

ለአንድ ስም ቢያንስ 2 ሰርቨሮች ያስፈልጋሉ። ሁለቱም በአንድ ክፍል ከተቀመጡ ግን ቁጥራቸው ለይስሙላ ይሆናል። የሰርቨሩ ስም በተወከለው ስም ሥር ከሆነ የበላዩ ሰርቨር የአይፒ ቁጥሩንም መያዝ ይኖርበታል፤ አለዚያ ጠያቂው መነሻ ያጣል።

ሰርቨሩን የሚለውጥ መሥሪያ ቤት የበላዩ መዝገብ እንዲታረም ካላደረገ፣ ጠያቂው ወደተዘጋው ሰርቨር ይመራል፤ ድረ ገጹ አይከፈትም፣ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤም አይደርስም። በ86400 ሴኮንድ የቆይታ ጊዜ የተመዘገበ መረጃ በሌሎች ሰርቨሮች ዘንድ እስከ 1 ቀን ስለሚቆይ፣ መዝገቡ ከታረመ በኋላም አሮጌው ሰርቨር ጊዜው እስኪያልፍ መዘጋት የለበትም።