የ25 ዓመት ወሰን፤ ስለ አሜሪካ ዘማቾች ትምህርት
የመማሪያ ዕድሜው ያለፈ ሰው በመንግሥት ገንዘብ ከፍተኛ ትምህርት ሊማር ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በየሀገሩ ሲያከራክር የኖረ ነው። የአሜሪካንን ታሪክ ስንመረምር፥ በሕግ ውስጥ የገባ አንድ የዕድሜ ቁጥር ተመልሶ በመውጣቱ የብዙ ሰው ዕድል እንደ ተለወጠ እናገኛለን።

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 22 ቀን 1944 የፈረሙት ሕግ፥ ቢያንስ 90 ቀን አገልግሎ በነውር ሳይባረር ለተሰናበተ ዘማች የትምህርት ርዳታ የሚሰጥ ነበር። ለትምህርትና ለመጻሕፍት በዓመት እስከ 500 ዶላር፥ ለመተዳደሪያ በወር 50 ዶላር፥ ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድር ደግሞ 75 ዶላር ተመደበ።

ይሁን እንጂ በሕጉ ውስጥ አንድ አጥር ነበረ። ወደ ጦር ሠራዊት ሲገባ ዕድሜው ከ25 ዓመት ያላለፈ ሰው ትምህርቱ በጦርነቱ ምክንያት እንደ ተሰናከለ ያለ ክርክር ይቆጠርለታል። ከ25 ያለፈው ግን መሰናከሉን ራሱ ማስረዳት ነበረበት፤ ማስረዳት ካልቻለም የሚፈቀድለት ሙያውን የሚያድስበት የአንድ ዓመት ትምህርት ብቻ ነበር። አሳቡ ለጊዜው ትክክል ይመስላል፤ ያልተጀመረ ነገር እንዴት ተሰናከለ ይባላል? ነገር ግን በ1942 በሠላሳ ዓመቱ የዘመተውን ሰው እናስብ። በ1929 የኤኮኖሚው ውድቀት ሲደርስ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ወላጆች ልጃቸውን የሚልኩት ወደ ኮሌጅ ሳይሆን ሥራ ፍለጋ ነበር። ይህን ሰው ከትምህርት ያስቀረው ጦርነት ሳይሆን ድህነት ነውና፥ ምን ማስረጃ ሊያቀርብ ይችላል? እኛ ማመልከቻ ስንመረምር የምንውል ሰዎች እንዲህ ያለውን አንቀጽ እናውቀዋለን፤ ለጻፈው አንድ መስመር ነው፥ ለአመልካቹ ግን ተራራ ነው።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ሥጋት ነበረባቸው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንት ርዳታው በጥንቃቄ ለተመረጡ ጥቂቶች ብቻ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር፤ የቺካጎው ሮበርት ሃቺንስም ሕጉን በብርቱ ነቅፈዋል።

በ1945 መጨረሻ ሕጉ ሲሻሻል የ25 ዓመቱ ወሰን ተነሣ። ትምህርት ለመጀመር የተሰጠው ጊዜ ከሁለት ዓመት ወደ አራት ዓመት ተራዘመ፤ የወሩም ድጎማ ወደ 65 እና ወደ 90 ዶላር ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ ሚስትና ልጆች ያሏቸው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲዎቹን ሞሉ፤ ቤት ስላልበቃ ከጦሩ በተረፉ የቆርቆሮ መጠለያዎች ጭምር ይኖሩ ነበር። በ1947 ከኮሌጅ ተማሪዎች እኩሌታ ያህሉ ዘማቾች ነበሩ። ፕሮግራሙ በ1956 እስኪፈጸም 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ተማሩበት። ኮናንትም ቀድሞ የሠጉባቸውን ተማሪዎች በኋላ አመስግነዋል።

የዕድሜው አጥር ቢነሣም የቀለም አጥር አልተነሣም። ሕጉ ስለ ዘር አንድ ቃል አይናገርም፤ በደቡብ ግን የነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቁር ዘማች ዝግ ነበሩ፥ የጥቁሮቹም ኮሌጆች ጥቂትና ጠባብ ስለ ነበሩ፥ ርዳታው የተፈቀደለት ብዙ ሰው ቦታ አጥቶ ከበር ተመለሰ።